ትሉ ከወፎቹ ይቀድማል
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዓመቱ ሒሳብ ተነቦ ስላበቃ፣ ሰብሳቢያችን በፈቀዱልን ጥቂት ደቂቃ ዓመቱን ሙሉ ሲከነክነን ስለ ቆየ አንድ ጉዳይ እንናገራለን። ነገሩ የድንኳንና የወንበር፣ የድስትና የብርጭቆ ጉዳይ አይደለም፤ የቃል ጉዳይ ነው።

እንደምታውቁት አባል ሲያርፍ የሕይወት ታሪኩን ጽፈን በቀብር ላይ የምናነበው እኛ ጥቂቶቹ ነን። ባለፈው ዓመት አንዲት እናታችን ያረፉ ዕለት ማታ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘን ተቀመጥን። ሐዘኑ ራሱ ቃል ይሰጠናል ብለን ነበር። እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ጠበቅን፤ ምንም አልመጣም። ሲቸግረን የዱሮ ወረቀት አወጣንና ስሙን ለወጥን። የልጆቻቸውን ቁጥር አስገባን፤ «ሰው አክባሪና ደግ ነበሩ» የሚለውን እንዳለ ተውነው፤ በማግሥቱም አነበብነው።

ሠልስት ላይ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠን ስንሰማ ግን አንዷ ጎረቤት፣ «ሦስቱንም ልጆቼን ያዋለዱኝ እሳቸው ናቸው፤ በክረምት ሌሊት ፋኖስ ይዘው ነው የመጡልኝ» አለች። አንድ ጎልማሳም፣ «እኔ ትምህርት ቤት የገባሁት እሳቸው በገዙልኝ ደብተር ነው» አለ። ከዚህ ሁሉ አንዱንም አልጻፍነውም ነበር። የለወጥነው ስም ብቻ መሆኑን ማንም አላወቀብንም፤ እኛ ግን አወቅነው፤ አፈርንም።

በጊዜው እርስ በርሳችን፣ «ምን እናድርግ፣ ስጦታው የለንም» ተባብለን ተጽናናን። ቆይተን ስናስበው ግን ነገሩ እንዲያ አልሆነም።

የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ብዙዎቻችን ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። በ6ኛው መቶ ዘመን በአክሱም የነበረው ያሬድ ትምህርት አልገባው ብሎ፣ የመምህሩ የጌዴዎን ቅጣት ሲበዛበት ሸሽቶ ሄደ ይባላል። ከዛፍ ሥር ዐርፎ ሳለ አንድ ትል ግንዱን ሊወጣ ሲታገል አየ። ትሉ ስድስት ጊዜ ወደቀ፤ በሰባተኛው ወጣ። ያሬድም ተመለሰና ትምህርቱን ፈጸመ። ሦስቱ ወፎች ከሰማይ ተልከው ዜማ ያሰሙት ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ሁልጊዜ የሚታየን የወፎቹ መምጣት ነው፤ ትውፊቱ ግን ትሉን አስቀድሟል።

የቅኔ ቤቱም ይህንኑ ይመሰክራል። በዋሸራም ይሁን በጎንጅ ወይም በዋድላ፣ ተማሪው ግሱን ካጠና በኋላ ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ሦስት ቤት ወዳለው ወደ ዘአምላኪየ ይሻገራል፤ እያለ እያለ ስምንት ቤት ካለው ከመወድስ ይደርሳል። ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፤ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይናገራል፤ መምህሩም የተበላሸውን ያቃኑለታል። ቅኔ ሁልጊዜ አዲስ መሆን አለበትና የትናንቱን ዛሬ ይዞ ቢመጣ አይሆንለትም። ዓመታት በዚህ ካለፉ በኋላ ነው በበዓል ቀን ቆሞ፣ ወረቀት ሳይዝ አፉ እንዳመጣለት የሚቀኘው። ያን ጊዜ «ቅኔ ዘረፈ» ይባላል። ልብ በሉ፤ መቁጠሩ ይቀድማል፣ መዝረፉ ይከተላል። በወሎ መንዙማ የገጠሙት ታላላቅ ሼኾችም ዓመታት ኪታብ ሲቀሩ የኖሩ ነበሩ።

አልቃሿንስ እናውቃት የለ? ሙሾ ስታወርድ ቃሉ እንዲያው ከሰማይ የሚወርድላት ይመስለናል። ነገር ግን ከእናቷ ጉያ ሥር ሆና ስንት ለቅሶ ላይ ዋለች? ስንቱን ግጥም በሆዷ አውጥታ አውርዳ ተወችው? ይህን አንቆጥርላትም።

እርግጥ ነው፤ የደከመ ሁሉ ያሬድ ይሆናል አንልም። የምንለው፣ ጥሩ ቃል ድንገት ሲመጣ የሚያድረው ከለመደ እጅ ላይ ነው። እኛ ያን ሌሊት ወፎቹን ጠበቅን እንጂ ትሉን አልሆንም።

ስለዚህ ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ እየተሰበሰብን መጻፍ ጀመርን። የመጀመሪያዎቹ ጽሑፎች የመታወቂያ ወረቀት ይመስሉ ነበር፤ ለራሳችንም ሳቅን። በኋላ ግን አንዱ ጓደኛችን በሕይወት ስላሉ አንድ አባታችን ሦስት ጊዜ ጽፎ ሰረዘና በአራተኛው፣ «ዝናብ ሲመጣ ከራሳቸው በፊት የጎረቤታቸውን ስጥ የሚያነሡ» ብሎ ጻፈ። ከየት አመጣኸው ብንለው፣ «እኔም አላውቅም» አለ። እኛ ግን እናውቃለን፤ ከሦስቱ ስርዝ ነው የመጣው።

አሁን የምንለምናችሁ ይህን ነው። ከመጪው ወር ጀምሮ መዋጮ በሚሰበሰብበት ቀን፣ ከእያንዳንዱ ቤት በተራ አንድ ሰው፣ ወጣቶቹም ጭምር፣ ስለ አንድ በሕይወት ስላለ አባል ባለቤቱን አስፈቅዶ ግማሽ ገጽ ጽፎ ያንብብ። የቀረነው እናቅናለት። ትልልቆቹም ታሪካችሁን አፍ ሳላችሁ ንገሩን።

በዕድራችን ማንም ብቻውን አይቀበርም። በሌላ ሰው ታሪክም መቀበር የለበትም።