ሚግ ብየዳ፦ ቮልት፣ ሽቦ እና ነፋስ

(ድምፅ፦ የብየዳ ማሽን ሲንጣጣ)

ይህ ድምፅ ለበያጅ ብዙ ይነግረዋል። ዘይት ላይ እንደተጣለ ሽንኩርት ሳይቆራረጥ ከተንጣጣ፣ ቮልቱና የሽቦው ፍጥነት ተስማምተዋል ማለት ነው።

በሚግ ብየዳ ሽቦው ራሱ ከጥቅልሉ እየወጣ ይቀልጣል። ፍጥነቱ ሲጨምር አምፔሩም ይጨምራል፤ ብየዳው ጠልቆ ይገባል። የብየዳውን ስፋት የሚወስነው ቮልቱ ነው፤ ከፍ ሲል ጠፍጣፋ፣ ሲያንስ ጉብ ያለ ይሆናል። 3 ሚሊ ሜትር ብረት በ0.8 ሚሊ ሜትር ሽቦ ለሚበይድ ሰው 18 ወይም 19 ቮልት ጥሩ መነሻ ነው።

የቀለጠውን ብረት ከአየር የሚጠብቀው ጋዝ ነው፤ ብዙ ጊዜ 75 በመቶ አርጎንና 25 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ።

ካርቱም ውስጥ፣ ጥቁር ዓባይ ዳር ባለችው ቡሪ፣ ደጅ ላይ የሚበይድ ሰው የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ነፋሱ ጋዙን ሲገፋው ብየዳው በጥቃቅን ቀዳዳዎች ይሞላል። ጋዙን ያለ ልክ መጨመርም አያድንም፤ ሲናወጥ አየር ይስባል። መከለያ ማቆም ይሻላል። አለዚያ ውስጡ ዱቄት ያለው፣ ጋዝ የማይፈልግ ሽቦ ይገጠማል፤ የማሽኑ ፖላሪቲም፣ ማለትም የፖዘቲቭና የኔጋቲቭ ገመዶቹ አገጣጠም፣ ይቀየራል። ሃቡብ የሚባለው አውሎ ነፋስ ያመጣው አቧራም አስቀድሞ በሽቦ ብሩሽ ይጠረጋል።

ዋናው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ተመሳሳይ ውፍረት ባለው ቁራጭ ብረት ላይ መሞከር፣ ቁራጩንም ቆርጦ ብየዳው ምን ያህል እንደገባ ማየት ያስፈልጋል።