የልጅነቴ ከተማና የእናቴ አማርኛ

(በሬዲዮ ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ለአላህ (ሱ.ወ.) ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ። 

ዛሬ ከመካከላችን በውጭ አገር ልጅ የሚያሳድግ ዘመድ የሌለው ቤተሰብ ማግኘት ያስቸግራል። አንዱ ወንድሙ ጂዳ ነው፤ የሌላዋ እህቷ ለንደን ወይም ዋሽንግተን ናት። ስልክ ሲደወል ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ደግሞ ተመሳሳይ ነው፤ «ልጆቹ ዲናቸውን ይዘዋል ወይ?» ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው። ነገር ግን ልጁ ዲኑን የሚይዘው በምንድን ነው? በማስፈራራት ነው? ከሰው በማራቅ ነው? ወይስ በሌላ? በዚህ ላይ ያለኝን ለማካፈል ያደግኩባትን ትንሽ የእንግሊዝ ከተማ ላስተዋውቃችሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከተማዋ ዎኪንግ ትባላለች። ከለንደን በስተደቡብ ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሰሪ አውራጃ ትገኛለች። በ1838 የባቡር ጣቢያ ሲከፈትባት ዙሪያው ገላጣ መሬት ነበር፤ የዛሬዋ ከተማ ያደገችው ያንን ጣቢያ ተከትላ ነው። ጠዋት ጠዋት ብዙ ሰው ባቡር ተሳፍሮ ለንደን ሥራ ይውላል፤ ማታ ይመለሳል። ቀይ የጡብ ቤቶች፣ ጸጥ ያለ የጀልባ ቦይ፣ የጥድ ዛፎችና ማባሪያ የሌለው ካፊያ፤ በልጅነት ዓይኔ ዎኪንግ ይህች ነበረች።

ይህች ከተማ ግን ሌሎቹ የእንግሊዝ ትንንሽ ከተሞች የሌላቸው አንድ ነገር አላት። በብሪታንያ ምድር ከመሠረቱ ለመስጊድነት ታስቦ የተሠራው የመጀመሪያው መስጊድ የሚገኘው እዚያ ነው። የተሠራው በ1889 ነው። ያሠራው ዶክተር ላይትነር በሃንጋሪ ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለደ፣ በልጅነቱ ኢስታንቡል ሄዶ ዐረብኛና ቱርክኛ የተማረ ምሁር ነበር። የገንዘቡን ድጋፍ የሰጠችው ደግሞ በህንድ የቦፓል ግዛት ገዢ የነበረች ሙስሊም ሴት፣ ሻህ ጀሃን ቤጉም ናት። መስጊዱም እስከ ዛሬ በስሟ ይጠራል። ላይትነር በ1899 ሲሞት አገልግሎቱ ተቋርጦ ቆይቶ በ1913 እንደገና ተከፈተ። በ2018 ደግሞ የአገሪቱ መንግሥት ከፍተኛውን የቅርስ ደረጃ ሰጠው።

አባቴ (አላህ ይዘንለት) ቤተሰቡን ይዞ ወደዚያች ከተማ የገባው በ1992 ነው። ከወሎ ወጥቶ በሱዳን በኩል የተሰደደ ሰው ነበር። ዎኪንግን የመረጠበት ምክንያት ሁለት ነው፤ በመጋዘን የሌሊት ፈረቃ ሥራ አገኘ፣ መስጊድ መኖሩንም ሰማ። እኔ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ወንድሜ በሦስት ዓመት ይበልጠኛል። በከተማዋ ብዙ ሙስሊሞች ነበሩ፤ አብዛኞቹ ቤተሰቦቻቸው ከ1960ዎቹ ጀምሮ ከፓኪስታን የመጡ ናቸው። አማርኛ የሚናገር ግን ከእኛ ቤት ውጭ አናውቅም ነበር።

ውድ አድማጮቻችን፣ ትልቅ ሰው ስለ ዲን ለመናገር ቀን ይመርጣል፤ ጁሙዓን ወይም ረመዳንን ይጠብቃል። ልጅ ግን ጥያቄ የሚገጥመው ባልተዘጋጀበት ቦታ ነው። እኔን መጀመሪያ የገጠመኝ በትምህርት ቤት የምሳ ሰልፍ ላይ ነው። የሚቀርበው ምግብ አብዛኛውን ጊዜ የአሳማ ሥጋ ወይም ሐላል ያልሆነ ሥጋ ስለነበር ድንችና ባቄላ ብቻ ይዤ እቀመጣለሁ። ዓርብ ዓርብ ግን አሳና የድንች ጥብስ ስለሚቀርብ እንደ ሌሎቹ ልጆች ሳሕኔን ሞልቼ እበላ ነበር፤ ዓርብን እወዳት የነበረው በሁለት በኩል ነው። አንድ ቀን አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ «ለምንድን ነው የማትበዪው?» አለችኝ። «እናቴ አትፈቅድልኝም» አልኳት። ማታ ይህንን ለእናቴ ስነግራት ፈገግ አለችና «ታዲያ እኔ ባልኖር ትበዪው ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። የዚያን ዕለት ማታ የተፈቀደውንና የተከለከለውን ማን እንደወሰነ፣ አላህን መታዘዝ ማለት ምን እንደሆነ፣ ሊጥ እየለወሰች በአማርኛ አስረዳችኝ። በማግስቱ ልጅቷን ፈልጌ ሌላ መልስ ሰጠኋት።

ሁለተኛው የጠዋቱ ጉባኤ ነው። በእንግሊዝ ሕግ ትምህርት ቤቶች በየዕለቱ የጋራ ጸሎት ማድረግ ይጠበቅባቸዋል፤ በ1988 የወጣው ሕግ በአመዛኙ የክርስትና ባሕርይ እንዲኖረው ይላል። ይሁን እንጂ ወላጅ ልጁን ከዚህ የማስወጣት መብት ከ1944 ጀምሮ በሕግ ተጠብቆለታል። አባቴ ይህን ከመስጊድ ሰዎች ሰምቶ በመብቱ ተጠቀመ። እኔም በዚያ ሰዓት ቤተ መጻሕፍት እቀመጥ ጀመር። መብቱ መኖሩ መልካም ነው። ነገር ግን «ለምን ትወጫለሽ?» የሚል ጥያቄ በየቀኑ ይከተለኛል። ልብ በሉ፤ ልጅን ከአንድ ቦታ ማስወጣት የሥራው ግማሽ ነው፤ የቀረው ግማሽ ለምን እንደወጣ ማስረዳት ነው።

ወንድሜ ያለፈበት ከእኔ ይከብዳል። ከትምህርት ቤት መልስ ሰፈር ውስጥ ቁርኣን ይቀራ ነበር። መምህሩ ደግና ትዕግሥተኛ ሰው ነበሩ፤ ማብራሪያውን የሚሰጡት ግን በኡርዱ ነው። ሌሎቹ ልጆች ይገባቸዋል፤ ለወንድሜ ግን እንግዳ ቋንቋ ነው። በዚህ ሁኔታ ሦስት ዓመት ተቀመጠ። ፊደሉን ለየ፣ አነባበቡን አሳመረ፤ ምን እንደሚያነብ ግን አንዲት ቃል አያውቅም። በ13 ዓመቱ መቅረት ጀመረ። አንድ ቀን ማታ አባቴ ሲቆጣው «የማይገባኝን ነገር ለምን በቀን አምስት ጊዜ እደግማለሁ?» አለ። አባቴ ከተቀመጠበት ተነሣ። እናቴ ግን መሐል ገብታ «ኧረ ተው የልጆቼ አባት! ልጁ እኮ ጠየቀ፤ የሚያስፈራው የማይጠይቅ ልጅ ነው» አለችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ የማዕድ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ ትምህርት ተጀመረ። እናቴ ወሎ ሳለች በልጅነቷ የቀራች ናት። አባቴ ደግሞ በስደት ያልተለየው የቁርኣን የአማርኛ ትርጉም ነበረው። ከፋቲሓ ጀመርን። በአንድ ማታ አንዲት አንቀጽ ብቻ፤ ቃል በቃል፣ ጥያቄ እያስነሣን። የማታውቀው ሲገጥማት «ይኼን አላውቅም፤ አባታችሁ ዓሊም ይጠይቅልን» ትላለች። ወንድሜ በአንድ ጊዜ አልተለወጠም፤ እንዲያውም ለወራት ከእልህ ነበር የሚቀመጠው። ነገር ግን መቀመጡን አልተወም። በኋላ ራሱ የእንግሊዝኛ ትርጉሞችን እየተዋሰ ያነጻጽር ጀመር።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። ቁርኣንን ወደ እንግሊዝኛ በመተርጎም ስማቸው የታወቀ ሁለት ሰዎች የተቀበሩት ከከተማችን አጠገብ ባለው በብሩክውድ የመቃብር ስፍራ ነው። አንደኛው ማርማዱክ ፒክታል ነው። አባቱ በሱፎክ ገጠር የቤተ ክርስቲያን አስተዳዳሪ የነበሩ ቄስ ናቸው። እርሱ ግን በ1917 መስለሙን በይፋ ገለጸ፤ ትርጉሙን በ1930 አሳተመ፤ በ1936 ሞተ። ሁለተኛው የህንዱ ተወላጅ ዐብዱላህ ዩሱፍ ዐሊ ነው፤ እርሱም በ1953 ለንደን ውስጥ አረፈ። አባቴ ይህን ሲሰማ ወደዚያው ወሰደንና ዱዓእ አደረግንላቸው። ስንመለስ ወንድሜን «አየህ፤ ሰው እንዲገባው ብለው ዕድሜያቸውን የሰጡ አሉ። ያንተም ጥያቄ ነውር አልነበረም» አለው። ከአባቴ አፍ ይህን መስማት ለወንድሜ ብዙ ነገር ነበር።

አሁን ደግሞ ስለ ጎረቤት ልንገራችሁ። በክረምት የእንግሊዝ ቀን በጣም አጭር ነው። በ1998 ረመዳን የገባው በታኅሣሥ (ዲሴምበር) 20 ገደማ ነበር፤ ያን ሰሞን ዎኪንግ ላይ ጸሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ነው። እናቴ ሰዓት ስትቆጥር ሁልጊዜ እንደ አገሯ ስለነበር «የዚህ አገር መግሪብ በዐሱር ሰዓት ነው» እያለች ትስቅ ነበር። በዚያው ረመዳን የፈረንጆች ገና ዋዜማ ላይ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት አዛውንት ጎረቤታችን በእጃቸው የጋገሩትን የበዓል ኬክ ይዘው መጡ። እናቴ አመስግና ተቀበለች። ዘወር ሲሉ ስታሸተው ግን ብራንዲ፣ ብራንዲ ይላል። የአገሩ ልማድ ነው፤ የገናውን ኬክ በመጠጥ ያርሱታል።

አባቴ «ዝም ብለን እንጣለው፤ ምን ያውቃሉ?» አለ። እናቴ ግን አልተስማማችም። «ነገ 'እንዴት ነበር?' ቢሉን ምን ልንል ነው? ልንዋሽ ነው?» አለችና ወደ እኔ ዞራ «እንግሊዝኛውን የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ ሂጂና አስረጃቸው» አለችኝ። 12 ዓመቴ ነበር። ኬኩን ከእናቴ ትኩስ ሳምቡሳ ጋር ይዤ በራቸውን አንኳኳሁ። ጾም ላይ መሆናችንን፣ ካፈጠርንም በኋላ ቢሆን መጠጥ ያለበትን እንደማንበላ፣ እንዳሰቡን ግን እናቴ እጅግ ማመስገኗን እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው። አሮጊቷ አልተቀየሙም። ወንበር ስበው አስቀመጡኝና ስለ ጾሙ አንድ በአንድ ጠየቁኝ። በመጨረሻ «ታዲያ የምትፈቱት በምንድን ነው?» አሉኝ። «በቴምር» አልኳቸው።

በዓመቱ፣ በ1999፣ ገና ዳግመኛ ረመዳን ውስጥ ዋለ። ጎረቤታችን ልክ ከመግሪብ በፊት በራችንን አንኳኩ። በእጃቸው የያዙት በእንግሊዝ ሱቆች ለገና የሚሸጠውን ረዘም ያለ የቴምር ካርቶን ነበር። ሰዓቱን ከጋዜጣ ላይ አይተው ነው የመጡት። በዚያን ዕለት ያፈጠርነው በእርሳቸው ቴምር ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በጎረቤት ሐቅ ላይ የሰጡትን ብርቱ አደራ ሁላችንም ሰምተነዋል። ኬኩን በስውር ጥለነው ቢሆን ኖሮ ግን ከእርሳቸው ጋር ያን ያህል ቅርብ ጎረቤት አንሆንም ነበር።

አንድ ልጨምርና ላብቃ። ኤች. ጂ. ዌልስ የተባለው ደራሲ በ1898 ያሳተመው፣ ከማርስ የመጡ ፍጡራን ምድርን ሲወርሩ የሚያሳይ ታዋቂ ልብ ወለድ አለ። ደራሲው ዎኪንግ ውስጥ ኖሯል፤ ወራሪዎቹም መጀመሪያ የሚያርፉት በከተማዋ ዳርቻ በሆርሰል ሜዳ ነው። ክፍል ውስጥ ስናነበው ወራሪዎቹ ካወደሟቸው ነገሮች መካከል የመስጊዱ ጫፍ ይገኝበታል። መምህሯ «ይህን መስጊድ ውስጡን ያየ አለ?» ሲሉ እጄን አወጣሁ። ምንጣፉን፣ ሚሕራቡን፣ ጫማ የሚወለቅበትን፣ ሥዕልም ሐውልትም የሌለው ለምን እንደሆነ ተናገርኩ። አላፈርኩም። የተናገርኩትም በትምህርት ቤት ያገኘሁትን አልነበረም፤ በማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ በአማርኛ የሰማሁትን ነው ወደ እንግሊዝኛ የመለስኩት።

ውድ ወላጆች፣ ከዚህ ሁሉ ሦስት ነገር ያዙልኝ።

አንደኛ፦ ለልጃችሁ ዲኑን በሚገባው ቋንቋ ንገሩት። የቁርኣን አነባበብ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ትርጉሙ ሲጨመርበት ደግሞ ልብ ውስጥ ይገባል። እንግሊዝኛችሁ ወይም ዐረብኛችሁ አነሰ ብላችሁ አትፈሩ። እናቴ ያስተማረችን የምታውቀውን አማርኛ ይዛ ነው።

ሁለተኛ፦ ጥያቄውን በቁጣ አትዝጉበት። የማታውቁት ከሆነ «አላውቅም፣ እንጠይቅ» በሉት። ቤት ውስጥ መልስ ያጣ ልጅ መልሱን ደጅ ይፈልጋል፤ ደጅ ላይ የሚመልስለት ማን እንደሆነ ግን እናንተ አትመርጡም።

ሦስተኛ፦ ልጃችሁ እምነቱን ለጎረቤት በአክብሮት ማስረዳት እንዲችል አድርጉት። ለሰው ለማስረዳት ሲሞክር አስቀድሞ ለራሱ ይገባዋል። በተደበቀ ቁጥር ማፈርን ይማራል።

ይህ ምክር ለውጭ አገር ነዋሪ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባም ሆነ ደሴ፣ ልጆቻችን በትምህርት ቤትና በሰፈር ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። ዛሬ ማታ ከኢሻእ በኋላ ልጃችሁን አስቀምጡና «ዛሬ ስለ ዲንህ ማን ምን ጠየቀህ? ምን ብለህስ መለስክ?» በሉት። መልሱን ስትሰሙ ከየት መጀመር እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ።

አላህ (ሱ.ወ.) ልጆቻችንን የዓይን ማረፊያ ያድርግልን፤ በስደት ያሉትንም ባሉበት ይጠብቅልን፤ ያስተማሩንን ወላጆቻችንን ይዘንላቸው። አሚን። ወስሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።