የወንዝ ዳር ጠብና የአካባቢ ልማት
(በአየር ጤና ለመስክ ሠራተኞች የቀረበ ንግግር)



በአየር ጤና የሚዘንበው ዝናብ ወደ አቃቂ ይወርዳል፤ አቃቂም ከአዋሽ ይገባል። አዋሽ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ ይቀራል። የአራሹና የአርብቶ አደሩ ጠብ ከምን እንደሚነሣ ይህ ወንዝ በጉልህ ያሳያል።

የአፋርና የከረዩ አርብቶ አደር በክረምት መንጋውን በሩቅ ሜዳ ያሰማራል፤ በበጋ ወደ አዋሽ ዳር ይመለሳል። የወንዙ ዳር ከጠቅላላው ግጦሽ ጋር ሲነጻጸር ጠባብ ነው፤ ይሁን እንጂ ከብቱ በጋውን የሚያልፈው በእርሱ ነው። ስለዚህ ያ ጠባብ መሬት ሲወሰድ ሰፊው ሜዳም አብሮ ከጥቅም ውጭ ይሆናል።

የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ተሠራ፤ የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በ1954 ዓ.ም. ተቋቋመ። በመተሐራ ሸንኮራ አገዳ፣ በአሚባራና በተንዳሆ ጥጥ ተስፋፋ፤ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክም ተከለለ። ያልታረሰው መሬት ግን ባለቤት እንደሌለው ተቆጠረ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ድርቅ በጠና ጊዜ መንጋው መሸሻ አጣ፤ አፋሩም ከከብቱ ጋር ልጆቹን ቀበረ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የዘላኑን የግጦሽ ይዞታ አወቀለት፤ ነገር ግን ሰፋፊዎቹ እርሻዎች ወደ መንግሥት ተዛወሩ እንጂ የወንዙ ዳር በአብዛኛው ለመንጋው አልተመለሰም።

የተገፋ መንጋ ወይ ከማሳው ይገባል፣ ወይ ወደ ጎረቤት ጎሣ ግጦሽ ይሻገራል። ጥይት ከተተኮሰ በኋላ ገበያው ይበተናል፤ የከብት ክትባት ይቋረጣል፤ መምህሩ ይሸሻል፤ ገበሬውም ማሳውን ሳያርም ይተዋል። ለጉድጓድና ለመንገድ የታሰበው ገንዘብ ለጥበቃ ይውላል።

እንግዲህ የሰፈራና የመስኖ ቦታ የሚመርጥ ባለሙያ ወንዝ ዳሩን በክረምት ብቻ አይቶ አይመለስ። በክረምት ያየው ሰው «ባዶ መሬት» ብሎ ይጽፋል፤ በበጋ ቢመጣ ግን ባለቤቱን ከነመንጋው ያገኘዋል። ቦይ ከመቆፈሩ በፊት የከብት መተላለፊያና የውኃ መጠጫ ይከለል። የጎሣ ሽማግሌዎችና ገበሬዎች በአንድ ሸንጎ ተቀምጠው የተስማሙበት ወሰን በፕላኑ ላይ ይስፈር። ይህ ሳይደረግ የሚቆፈር ቦይ የመጀመሪያውን ምርት ቢያስገኝም፣ በሚቀጥለው ድርቅ የእርዳታ እህል የሚጠብቀውን ወገን ያበዛል።