የወረቀት ቱቦና የልጆች ሮኬት
(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተገለበጠ)

ደብተርና እርሳስ አቅርቡ። ዛሬ ማስመሪያም ያስፈልጋችኋል።

የዛሬውን ነገር ያመጡት አንዲት እናት ናቸው። ማታ ማታ ፊደል ይማራሉ። አሁን ቀስ እያሉ ያነባሉ። አንድ ማታ ከትምህርት በኋላ ጠጋ አሉና፣ «የኔ ልጅ፤ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉኝ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አላቸው። ይህ ልጅ የክብሪት ራስ እየፋቀ በጣሳ ያጠራቅማል። ከአልጋው ሥር ደግሞ አንድ የብረት ቱቦ ተገኘ። «ምን ልትሠራበት ነው?» ቢሉት፣ «ሮኬት» አላቸው። «ልቅጣው ወይስ ልተወው?» ነው ጥያቄያቸው።

እኔም፣ «አይቅጡት፤ ብረቱንና ክብሪቱን ግን ዛሬውኑ ይውሰዱበት» አልኳቸው።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። የክብሪት ራስ በተዘጋ ብረት ውስጥ ሲነድ ብዙ ጋዝ በአንድ ጊዜ ይፈጠራል። ጋዙ መውጫ ሲያጣ ብረቱን ይቀደዋል። የተቀደደው ብረት እንደ ጥይት ይበተናል። እሳት ባይነካው እንኳ፣ ሲጠቀጥቁት በመፋተግ ብቻ ሊነሣ ይችላል። ጣት የሚቆረጠው፣ ዓይን የሚጠፋው እንዲህ ነው። ርችት ፈትቶ ባሩዱን ማውጣትም ያው ነው።

ይህ አደጋ በሌላም አገር ታይቷል። መስከረም 24 ቀን 1950 ዓ.ም. ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክ የተባለችውን ሳተላይት ወደ ሰማይ ላከች። በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1957 መሆኑ ነው። ያን ጊዜ የአሜሪካ ልጆች ሮኬት ሮኬት ማለት ጀመሩ። ብዙዎቹ በብረት ቱቦ ውስጥ የክብሪት ራስና ልዩ ልዩ ቅመም ጠቀጠቁ። የቆሰሉ ነበሩ፤ የሞቱም ነበሩ።

መፍትሔው ግን ቀደም ብሎ ተገኝቶ ነበር። ያገኘውም የሮኬት ሊቅ አይደለም፤ ጫማ ሻጭ ነው! ስሙ ኦርቪል ካርላይል ይባላል። በነብራስካ ክፍለ ግዛት፣ ኖርፎክ በምትባል ከተማ ጫማ ይሸጥ ነበር። ርችት መሥራት ደግሞ ያውቅበታል። ወንድሙ ሮበርት ትንንሽ የአውሮፕላን ሞዴሎች ይሠራል። ስለ ሮኬት ለሰዎች ንግግር ሲያደርግ የሚያሳየው ነገር ፈለገ። ኦርቪልም በ1954፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ከወረቀት ቱቦ ትንሽ ሮኬት ሠራለት። ሮኬቷ ወጥታ በጃንጥላ ትወርዳለች። በ1957 ሥራውን ለሃሪ ስታይን ላከለት። ስታይን በኒው ሜክሲኮ፣ ዋይት ሳንድስ በተባለው የሮኬት መሞከሪያ የሚሠራ ሰው ነበር። እሱም ነገሩ ወዲያው ገባው። ባሩዱን ፋብሪካ ይጠቅጥቀው፤ ልጁ አካሉን ብቻ ከወረቀት ይሥራ። ዛሬም በዚያ ጨዋታ የሮኬቱ አፍንጫ፣ አካልና ክንፍ ከብረት እንዳይሠራ ደንብ ነው።

ለምን ወረቀት? ወረቀት ቀላል ነው። ሰው ላይ ቢወድቅ አይጎዳም ማለት አይደለም፤ ግን እንደ ብረት አይወጋም። ጥንካሬውንስ? እስቲ አንድ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ በጠርዙ አቁሙት። ይወድቃል። ያንኑ ወረቀት ጠቅልላችሁ በክር እሰሩትና አቁሙት። አሁን መጽሐፍ ይሸከማል።

እኛ ፋብሪካ የሚሠራውንም ባሩድ እንተወዋለን። የኛ ሮኬት የሚነሣው በአየር ነው።

እንግዲህ ወደ ሥራው። የኤሌክትሪክ ሽቦ በግድግዳ ውስጥ የሚያልፍበት ነጭ የፕላስቲክ ቱቦ አለ። ስፋቱ 20 ሚሊሜትር የሆነውን አንድ ሜትር ያህል ፈልጉ። ወረቀቱን የምንጠቀልለው በዚህ ላይ ነው። ወረቀቱ የጽሕፈት ወረቀት ቢሆን ይሆናል፤ የሲሚንቶ ከረጢት ግን ይበልጣል። ከረጢቱ ብዙ ድርብ ነው። ሲሚንቶ የነካውን ጣሉ፤ ንጹሑን ውሰዱ። ከቤት ውጪ አራግፉት፤ ብናኙ ለዓይንም ለሳንባም መጥፎ ነው።

አሁን ማስመሪያችሁን ያዙ። ወረቀቱን ወርዱ 21 ሴንቲሜትር፣ ቁመቱ 30 ሴንቲሜትር አድርጋችሁ ቁረጡ። 21 ከየት መጣ? 20 ሚሊሜትር የሆነ ቱቦ ዙሪያው 63 ሚሊሜትር ያህል ነው። ሦስት ዙር 189 ይሆናል። ከ210 ላይ 189 ሲቀነስ 21 ሚሊሜትር ይተርፋል። እሱ መደራረቢያ ነው። ደብተራችሁ ላይ ጽፋችሁ ሞክሩት።

ወረቀት እንደ እንጨት አንድ ወገን ይገራል፤ በሌላው ወገን ያምፃል። ከመቁረጣችሁ በፊት በሁለቱም በኩል ለስለስ አድርጋችሁ እጠፉት፤ አትጫኑት። በሚገራበት በኩል ጠቅልሉት።

ሙጫውን ቤት ውስጥ ማብሰል ይቻላል። አንድ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት በአምስት ማንኪያ ውሃ በጥብጡ፤ እሳት ላይ እያማሰላችሁ እስኪወፍር አብስሉ። ርካሽ ነው። ነገር ግን ቶሎ አይደርቅም፤ በረሮም ይወደዋል። የአናጢ ነጭ ኮላ ካገኛችሁ ሦስት እጁን በአንድ እጅ ውሃ አቅጥኑት።

አሁን የሚመጣውን ሁለት ጊዜ አንብቡት። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እኔም ተሳስቻለሁ። የመጀመሪያዬን የጠቀለልኩት በመጥረጊያ እንጨት ላይ ነበር። ቸኩዬ ሁሉንም ሙጫ ቀባሁት። ወረቀቱ ከእንጨቱ ጋር ተጣበቀ፤ አልወጣ አለ። መጥረጊያውም እስካሁን ካፖርቱን እንደ ለበሰ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ በፕላስቲኩ ቱቦ ላይ ሌላ ደረቅ ወረቀት አንድ ዙር አልብሱት። ላዩን በሻማ እሹት። ሻማው ሙጫ አያስይዝም። ይህ ወረቀት በኋላ ወጥቶ ይጣላል፤ የሚተወውም ትንሽ ክፍተት ሮኬቱ ቱቦው ላይ ሳይጨናነቅ እንዲንሸራተት ያደርገዋል። ቀጥሎ የቆረጣችሁትን ወረቀት የመጀመሪያውን ሰባት ሴንቲሜትር ያለ ሙጫ ጠቅልሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን በስሱ ቀቡ። በጨርቅ ከመሐል ወደ ዳር እያሻሻችሁ፣ አየሩን እያስወጣችሁ ጠቅልሉ። ሲጀመር ዳሩ ቀጥ ካላለ፣ ሰሌን ሲጠቀለል እንደሚንሻፈፈው ይንሻፈፋል። ከተንሻፈፈ ሙጫው ሳይደርቅ ፍቱትና እንደገና ጀምሩ። ስታበቁ አሥር ደቂቃ ያህል ቆዩና ቱቦውን እያዞራችሁ አውጡት። እስኪደርቅ አትጠብቁ! እርጥብ ወረቀት ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ፕላስቲኩን አንቆ ይይዛል። ጥላ ውስጥ አቁማችሁ አሳድሩት። ፀሐይ አንድ ጎኑን ቶሎ ታደርቅና ታጣምመዋለች።

ጠዋት ጫፉን ከወረቀት በተሠራ ሹል ቆብ ዝጉ። ሹሉን ቆርጣችሁ ጥጥ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ጫፉ ላይ አስሩ፤ የሰው ዓይን እንዳይወጋ። ቆቡ ዙሪያውን በደንብ ይለጠፍ። አየሩ የሚገፋው የተዘጋውን ጫፍ ነውና፣ እዚያ ከተነፈሰ ሮኬቱ አይነሣም።

ከታች ሦስት ክንፍ ይለጠፋል። ከብስኩት ካርቶን ይበቃል። እኩል ለማራራቅ ቀጭን ወረቀት ቱቦው ላይ አዙሩና ርዝመቱን ለኩ። 66 ሚሊሜትር ከሆነ፣ ለሦስት ሲካፈል 22 ነው። በየ22ው ምልክት አድርጉ።

ከመተኮሱ በፊት ሮኬቱን ጣታችሁ ላይ አጋድሙት። ሚዛን የጠበቀበት ቦታ ላይ ክር እሰሩና ከራሳችሁ በላይ አሽከርክሩት። አፍንጫው ቀድሞ ከሄደ ጥሩ ነው። ጅራቱ ከቀደመ ወይም ከተገለባበጠ አፍንጫው ውስጥ ትንሽ ጭቃ ጨምሩ።

ማስነሻው ደግሞ ባለ ሁለት ሊትር የውሃ ሃይላንድ ነው። ከአሮጌ የብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ግማሽ ሜትር ቁረጡ። አንዱን ጫፍ በሃይላንዱ አፍ፣ ሌላውን በፕላስቲኩ ቱቦ ላይ አጥልቃችሁ በክር አጥብቃችሁ እሰሩ። ቱቦውን መሬት ላይ ከተተከለ ችካል ጋር አስሩት፤ ሰው ወደሌለበት ትንሽ ዘንበል ይበል። ሮኬቱን አልብሱትና ሃይላንዱን በእግር እርገጡት። ከቤት ክዳን በላይ ይወጣል። የረገጣችሁትን ሃይላንድ በቱቦው በኩል እፍ ብላችሁ መልሱት። ሮኬቱ በቱቦው ላይ ሳለ ግን ማንም ፊቱን ወደዚያ አያጎንብስ። ሕፃናት አሥር እርምጃ ይራቁ። የኤሌክትሪክ ሽቦ ባለበት አትሞክሩ፤ ሽቦ ላይ የተሰቀለውንም ለማውረድ አትውጡ።

እናትየዋን በሳምንቱ አገኘኋቸው። የብረት ቱቦው ለጎረቤት ቆርቆሮ ሠሪ ተሰጥቷል። ክብሪቱን ውሃ ውስጥ ነክረው ጥለውታል። ልጁ መጀመሪያ አኩርፎ ነበር፤ በኋላ ግን 63ን በሦስት ማባዛት አቅቷቸው ሲቸገሩ ያስረዳቸው እሱ ነው። የመጀመሪያው ቱቦ ተንሻፈፈ። ሁለተኛው ቀና። ሮኬቱ ጎረቤት ግቢ ገብቶ ቀረ፤ ማንም የማን እንደሆነ አላወቀም። ስለዚህ በሦስተኛው ላይ እናቱ ራሳቸው፣ በገዛ እጃቸው፣ የልጁን ስም በትልልቅ ፊደል ጽፈውበታል። እናንተም ስም ጻፉበት፤ ያገኘው ሰው አንብቦ ይመልስላችኋል።