የተቆረጠ ፍሬ ስስ ልብስ

ሰላም፦ ዳዊት፣ ለልጄ የምቋጥረው ፖም እስከ ረፍት ሰዓት ይጠቁርና ሳይነካ ይመለሳል። ያሳዝነኛል።

ዳዊት፦ ቢላው የፍሬውን ሕዋሳት ሲሰነጥቅ ውስጡ ያለው ኢንዛይም አየር ያገኛል፤ የሚያጠቁረው እሱ ነው። አሁን ከዕፅዋትና ከባሕር አረም የሚሠራ፣ አብሮ የሚበላ ሽፋን አለ። ለምሳሌ ከቡናማ የባሕር አረም የሚወጣው አልጂኔት፦ ቁራጩ በእሱ ይነከርና ካልሲየም ክሎራይድ ያለበት ውሃ ውስጥ ሲገባ ስስ ቆዳ ያወጣል። አየሩን ይገታል፣ እርጥበቱንም ይይዛል።

ሰላም፦ የባሕር አረም ከየት እናመጣለን?

ዳዊት፦ ተልባ አለልን እኮ! ስትዘፈዝፊው የሚወጣው ዝልግልግ ለዚሁ ሥራ በተመራማሪዎች ተሞክሯል። እሬትም እንዲሁ።

ሰላም፦ እሬት? ይመራል እኮ!

ዳዊት፦ መራራው ከቅርፊቱ ሥር ያለው ቢጫ ፈሳሽ ነው። እሱ ታጥቦ ይወገዳል፤ የሚፈለገው መሐሉ ላይ ያለው ጥርት ያለው ነው።

ሰላም፦ ታዲያ ፍሪጅ አያስፈልግም ማለት ነው?

ዳዊት፦ በፍጹም፣ ፍሪጁማ ያስፈልጋል! ሽፋኑም ከወፈረ ፍሬው መተንፈስ ያቅተውና የአልኮል ጠረን ያመጣል። እጅና ቢላ ካልጸዱ ደግሞ ጀርሙን አብረን መሸፈናችን ነው። መንገድ ላይ ተቆርጦ ፀሐይ የሚመታውን ፓፓያ ይህ አያድነውም።

ሰላም፦ እንግዲያው ለነገው ፖም ሎሚ እጨምቅበታለሁ።

ዳዊት፦ ጨምቂበት፤ አሲዱ ኢንዛይሙን ያዳክመዋል።