ባለ ሽበቱ ጭልፊት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በተፈጥሮ ክበብ አባሎች ስም የተደረገ ንግግር)



ከኛ በፊት የተናገሩት ጓደኞቻችን ስለ ትምህርት ጥቅምና ስለ ወጣቶች ግዴታ ብዙ ቁም ነገር አሰምተዋችኋል። እኛ ስለ አንድ ወፍ ልንናገር በመነሣታችን ፈገግ የምትሉ ብትኖሩ አንቀየምም፤ «ወፍ ለማየት ለታክሲ የሚከፍሉ» እየተባልን ዓመቱን ሙሉ ስለ ተቀለደብን ለምደነዋል። ሆኖም አምስት የክበባችን አባሎች በዚህ ወፍ ምክንያት ከጥቅምት እስከ መጋቢት ድረስ ብዙ ቅዳሜ በሌሊት ተነሥተናል፣ በውርጭ ተቀጥተናል፣ አንድ ጊዜም በሠራነው ሥራ አፍረን ተመልሰናል። ያየነውንም ያጠፋነውንም ሳንሸሽግ ልንነግራችሁ ነው።

ወፉ ጭልፊት ነው። ያገራችን ሰው ጫጩት ይሰርቃል ብሎ የሚጠረጥረውን ሁሉ ጭልፊት ወይም ጭላት እያለ ያልፈዋል፤ እኛም እስከ ዓምና ድረስ ከዚያ የተለየ ዕውቀት አልነበረንም። የሥነ ሕይወት መምህራችን ግን ከጭልፊቶች መካከል በእንግሊዝኛ ሃሪየር የሚባሉ፣ ባበራረራቸው የሚታወቁ እንዳሉ አስረዱን። ሃሪየር ሲያድን ከሣሩ በላይ ሁለት ሦስት ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ብሎ፣ ክንፎቹንም በጠረጴዛ ላይ ተገልጦ እንደ ተቀመጠ መጽሐፍ ወደ ላይ ቀና አድርጎ፣ በዝግታ ይንሳፈፋል። እንደሚያርስ ገበሬ ከመስኩ ዳር ደርሶ ይመለሳል፤ እንደገና ሌላ ትልም ይይዛል። ድንገት ይገታና ዞር ብሎ ረጃጅም እግሮቹን ዘርግቶ ወደ ሣሩ ይወድቃል። ብዙውን ጊዜ ባዶውን ይነሣል።

ፊቱን በመነጽር ያየ ሰው ጉጉት ይመስለዋል። ላባዎቹ በጉንጩ ዙሪያ ክብ ሆነው የተደረደሩት ድምፅን ወደ ጆሮው ለመሰብሰብ ነው፤ አይጥ በሣር ውስጥ ስትንኮሻኮሽ ሳያያት ይሰማታል። ይህን እኛ ከመጽሐፍ ይልቅ በጥፋታችን ተማርነው። በሁለተኛው ቅዳሜ መነጽሩን ማን ይያዝ ብለን በሹክሹክታ ስንከራከር፣ ወደኛ ይመጣ የነበረው ወፍ አንገቱን ወደኛ መለስ አድርጎ አየና በሌላ አቅጣጫ ሄደ።

አሁን ወደ ሽበቱ እንምጣ። ሴቷ ቡናማ ናት፤ ከጭራዋ ሥር ነጭ ምልክት አላት፣ ጭራዋም ባለ መስመር ነው። በመጀመሪያው ዓመት ወንዱም ቡናማ ስለሆነ ከሴቷ መለየቱ ያስቸግራል። ካደገ በኋላ ግን ቡናማውን ልብስ አውልቆ አመድማ ይለብሳል፤ ሆዱና ደረቱ ነጭ ሊባል ጥቂት ይቀረዋል፣ የክንፎቹ ጫፍ ብቻ ቀለም ውስጥ እንደ ተነከረ ብዕር ይጠቁራል። በሰው ዘንድ ሽበት የሽምግልና ምልክት ነው፤ በርሱ ዘንድ ግን ጎልማሳ የመሆኑ ምልክት ነው። በመጠን ከሴቷ ያንሳል። በመስኩ ላይ ከሚታዩት መካከል ብዙዎቹ ቡናማዎቹ ስለሆኑ፣ ባለ ሽበቱ ድንገት ከቦይ ውስጥ ብቅ ሲል አምስታችንም ባንድነት እንነሣ ነበር። መነሣታችንም ስሕተት ነበር።

እኛ የተከታተልነው ፓሊድ ሃሪየር የሚባለው ነው። አገሩ በካዛኪስታንና በደቡብ ሩሲያ ያለው ሰፊ የሣር ሜዳ ሲሆን፣ ብርዱ ሲጀምር ክረምታችን ካለፈ በኋላ ወደኛ ይመጣል። ሌሎቹ ወደ ሕንድና ወደ ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ይሄዳሉ። የሱሉልታ ሜዳ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ሣሩ የበዛ፣ የመስክ አይጥ፣ ፌንጣና ትናንሽ ወፍ የማይጠፋበት በመሆኑ ለርሱ እንደ አገሩ ነው። እኛም ከእንጦጦ ወዲያ ማዶ እንዲህ ያለ እንግዳ መኖሩን ሳናውቅ አሥራ ሁለተኛ ክፍል መድረሳችን አስገርሞናል።

ስለ ዘመዶቹም ጥቂት አንብበናል። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በሰሜን አሜሪካ ያለው ኖርዘርን ሃሪየር ይባላል። የአሜሪካ የወፍ ሊቃውንት እስከ 2016 ድረስ ከአውሮፓው ሄን ሃሪየር ጋር እንደ አንድ ይቆጥሩት ነበር፤ በዚያ ዓመት ግን ለየብቻ አደረጓቸው። እዚያም ወንዱ አመድማ ስለሆነ፣ ድምፅ ሳያሰማ መጥቶም ስለሚሰወር፣ ወፍ ተመልካቾች «ግራጫው መንፈስ» ይሉታል። ፍራንሴስ ሃመርስትሮም የተባሉ ሴት በዊስኮንሲን ግዛት ብዌና ቪስታ በሚባለው ረግረጋማ ሜዳ እነዚህን ወፎች ለብዙ ዓሥርተ ዓመታት ሲያጠኑ ኖረው በ1986 መጽሐፍ አሳትመዋል። ከጥናታቸው የተገኙት ሁለት ነገሮች እኛን በጣም ስበውናል። አንደኛው፣ የመስክ አይጥ በበዛበት ዓመት የወፎቹ ጎጆ ይበዛል፣ ባነሰበትም ያንሳል። ሁለተኛው፣ ዲዲቲ የተባለው የተባይ መድኃኒት በሚረጭበት ዘመን ጎጆ መሥራታቸው ቀንሶ ነበር። መድኃኒቱ በአሜሪካ ለእርሻ እንዳይውል የተከለከለው በ1972 ነው።

የኛውም ወፍ ቢሆን ሐሳብ አላጣም። በ1954 የሶቪየት መንግሥት ያልታረሰ መሬት ይታረስ ብሎ ባዘዘ ጊዜ የካዛኪስታን ሣር ሜዳ እጅግ ብዙው በትራክተር ተገለበጠ፤ ሃሪየር ደግሞ ጎጆውን የሚሠራው በዛፍ ላይ ሳይሆን በምድር ላይ፣ በሣር መካከል ነው። ዛሬ ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታ ሊገቡ ይችላሉ ተብለው ከሚጠበቁት ወፎች አንዱ ሆኖ ተመዝግቧል።

አንድ የሚቆጨን ነገር አለ። በጎጆው ወራት ወንዱ ለሚስቱና ለጫጩቶቹ ያድናል። ያደነውን ይዞ ሲመጣ ሴቷ ከጎጆዋ ተነሥታ ከሥሩ ትበራለች፤ እርሱ ከላይ ይጥላል፣ እርሷ በአየር ላይ ተገልብጣ በጥፍሯ ትቀልባለች። ይህ የሚሆነው በግንቦትና በሰኔ፣ በዚያ በሩቁ አገር ነው። እኛ የምናየው ለራሱ ብቻ ሲያድን ነው፤ ከኑሮው ግማሹን ብቻ ነው የምናውቀው።

ፎቶግራፍ ስለ ማንሣቱ ለሚጠይቁን ጓደኞቻችን እንዲህ ነው። ካሜራውን ያዋሱን ያንዱ ጓደኛችን አባት ናቸው፤ ከነሌንሱ ነው፣ ለዚህም እምነታቸው በዚህ አጋጣሚ እናመሰግናቸዋለን። በመጀመሪያው ወር ያነሣነው ሁሉ ከንቱ ነበር ማለት ይቻላል። ሣሩ ጥቁር፣ ወፉ ነጭ ስለሆነ ካሜራው ለሣሩ ብሎ ብርሃኑን ይጨምራል፤ ወፉም ገመድ ላይ የተሰጣ ነጠላ ይመስላል። ብርሃኑን ቀንሰን፣ ፍጥነቱንም የሰከንድን አንድ ሁለት ሺህኛ አድርገን ማንሣት ከጀመርን በኋላ ላባው መታየት ጀመረ። ይሁን እንጂ ትልቁ ትምህርት ካሜራው ላይ አልነበረም። ከወፉ ኋላ በሮጥን ቁጥር ያገኘነው የጭራውን ፎቶግራፍ ነው። ከብት የሚጠብቁት ልጆች ኦሮምኛ ለሚችለው ጓደኛችን እየሳቁ እንደ ነገሩት፣ ወፉ በየማለዳው ያንኑ ቦይ ተከትሎ ይመጣል፤ ታዲያ ለምን ትሮጣላችሁ? ከዚያ በኋላ ፀሐይን በጀርባችን አድርገን በቦዩ ዳር መቀመጥ ጀመርን። ሦስት ቅዳሜ አለፈን። በአራተኛው እርሱ ራሱ ወደኛ መጣ።

ፎቶግራፍ ለእውነትም ይጠቅማል። በደብተራችን ለአንድ ወር ያህል «ፓሊድ» እያልን ከጻፍናቸው ወንዶች አንዳንዶቹ፣ ሥዕላቸውን አስፍተን ስናየው፣ በክንፋቸው መካከል ጥቁር መስመር ተገኘባቸው። ሞንታጉ ሃሪየር የሚባሉት፣ እንደርሱው ወደኛ የሚመጡት ሌሎቹ ናቸው። ደብተሩን አርመናል፤ ስርዙም እንዲታይ ትተነዋል።

አሁን ወደ አፈርንበት ነገር እንመለስ። በኅዳር መጨረሻ አንድ ቀን ስንመሽ፣ ከየአቅጣጫው የመጡ ሃሪየሮች ባንድ ሥፍራ ሲሰበሰቡ አየን። ሣሩ ላልታጨደ አንድ ጨፌ ነበር፤ በዙሪያው ያለው መስክ ግን ታጭዶ ድርቆሹ ተከምሯል። ወፎቹ ጥቂት ከዞሩ በኋላ አንድ ባንድ ወደ ረጅሙ ሣር እየወረዱ ተሰወሩ። በምድር ላይ፣ በሣር መካከል ያድራሉ ማለት ነው። ሰባት ቆጠርን፤ ሦስቱ ባለ ሽበት ነበሩ። በዚያች ማታ የተሰማንን ደስታ ለመግለጽ ያስቸግረናል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለታችን ጋቢ ተከናንበን፣ ወፎቹ ሳይመጡ ቀደም ብለን ጨፌው ውስጥ ገብተን ተኛን። ሦስቱ ከሩቅ ይመለከታሉ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል መጡ። አንደኛው ባለ ሽበት ከራሳችን በላይ ዐሥር ሜትር እንኳ በማይሞላ ርቀት ቆም አለና ቁልቁል አየን። ካሜራው ሠራ። ቢጫ ዓይኑ፣ ከክንፉ ሥር የገባው የማታ ብርሃን፣ ሁሉም ጥርት ብሎ ወጣ። በዓመቱ ውስጥ ካነሣናቸው ሁሉ የሚበልጠው ያ ነው።

ወፎቹ ግን አልወረዱም። ዞሩ፣ ዞሩ፣ እየጨለመ ሄደ፤ በመጨረሻም በጨለማው ውስጥ ወደ የት እንደ ሄዱ አላየንም። ቀበሮና ጅብ በሚዞርበት አገር፣ በምድር ላይ የሚያድር ወፍ ማደሪያውን በማታ ማጣቱ ምን ማለት እንደሆነ ያን ጊዜ አላሰብንበትም። ጋቢያችንን እያራገፍን ስንወጣ የመስኩ ባለቤት የሆኑት ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው በመንገዱ ዳር ቆመው አገኘናቸው።

«ልጆቼ፣ ምን ጠፍቷችሁ ነው?» አሉን።

«ምንም አልጠፋንም አባባ፤ ጭልፊቱን ፎቶግራፍ ልናነሣ ነው» አልናቸው።

«እርሱ ከድርቆሼ ሥር ያለውን አይጥ ይለቅምልኛል። ቀኑን ሙሉ ስታዩት ትውላላችሁ፣ አልከለከልኳችሁም። ታዲያ ሌሊቱን የት ያድርላችሁ?»

መልስ አላገኘንም። አባባ አልተቆጡንም፤ እንዲያውም እንዳይመሽብን ብለው እስከ ዋናው መንገድ ሸኙን። ቢቆጡን ይሻለን ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ርቀን ቆመን ጠበቅን። ወደ ጨፌው አንድም አልመጣም። ከዚያ በኋላ በነበረው ቅዳሜ ሁለት ቡናማዎች መጡ። ባለ ሽበቱን በዚያ ሥፍራ እንደገና ያየነው በጥር ወር ነው፤ እርሱም አንድ ብቻ ነበር። የቀድሞው ይሁን ሌላ መለየት አንችልም።

ፎቶግራፉ በዚህ መጽሐፍ ሽፋን ላይ እንዲወጣ ተጠይቀን ነበር። በክበባችን ውስጥ ሦስት ሰዓት ተከራከርን። ሁለቱ «ጥፋቱ ከተፈጸመ በኋላ ሥዕሉን መደበቅ ለወፉ ምን ይጠቅመዋል? ይልቅ ሰው አይቶ ይውደደው» አሉ፤ ይህ ቀላል ክርክር አይደለም። ሦስቱ ደግሞ «ሥዕሉን ያየ ሁሉ እንደኛ ጨፌ ውስጥ መተኛት ያምረዋል» አሉ። በድምፅ ሦስት ለሁለት ተወሰነና ሥዕሉ ሳይወጣ ቀረ። የተሸነፉት ሁለቱ ዛሬም አሳባቸውን አልለወጡም፤ አንደኛው ይህን ንግግር በመጻፍ ረድቷል። በሥነ ሕይወት ክፍል ኮሪደር ላይ የተሰቀለው በቦዩ ዳር ተቀምጠን ያነሣነው ነው። ወፉ ትንሽ ነው፣ ሣሩ ይበዛል፤ ቀረብ ብላችሁ ካላያችሁት አይታይም።

በመጋቢት ሁለተኛ ቅዳሜ አንድ ባለ ሽበት ቦዩን ተከትሎ መጥቶ አለፈ። በሦስተኛው ቅዳሜ መስኩ ባዶ ነበር።

ባለፈው ሳምንት አባባን ለመሰናበት ሄደን ነበር። ጨፌውን ሳያጭዱ የተዉት ውሃ ስለሚተኛበት እንጂ ስለ ወፎቹ ብለው እንዳልሆነ በሳቅ ነገሩን። ከጨፌው ማዶ፣ ዱሮ ሣር ብቻ በነበረበት በኩል፣ ጫፋቸው ቀይ የተቀባ ችካሎች ተተክለው አየን። ቤትና ፋብሪካ ከመንገዱ ወደ ውስጥ እየገባ መሆኑን ሱሉልታን የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። «ምን ሊሠራ ነው?» ብለን ብንጠይቃቸው፣ «ለኔም ገና አልነገሩኝም» አሉን።

እኛ ዘንድሮ ተመራቂዎች ስለሆንን በጥቅምት አንኖርም። ደብተሩንና መነጽሩን ለሁለት የዐሥረኛ ክፍል ተማሪዎች አስረክበናል። አብሯቸው ለመሄድ የሚፈልግ ቢኖር፣ በጥቅምት የመጀመሪያው ቅዳሜ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ በአዲሱ ገበያ ታክሲ ተራ ይገናኛሉ። ወፍራም ልብስ ይዛችሁ ኑ፤ መነጽሩም አንድ ብቻ ስለሆነ ተራችሁን በዝምታ ጠብቁ።