ሲኒው ከእጅ ሲወድቅ



የተሰጠኝ አስር ደቂቃ ነው፤ ማሳጠር እንደማልችል የምታውቁ ታገሱኝ።

ስለ አንገት ላወራ ነው፤ የምጀምረው ግን ከራሴ ጥፋት ነው። ጠቅላላ ሐኪም ሳለሁ አንዲት እናት መጡ። «ልጄ፣ ሲኒ ከእጄ እየወደቀ አስቸገረኝ፤ እግሬም መሬቱን አያምነውም» አሉኝ። ስኳር አስመረመርኩ፣ ቫይታሚን ጻፍኩና ሸኘኋቸው። አንገታቸውን አላመማቸውም፤ እኔም አንገታቸውን አላሰብኩም። የነርቭ መመርመሪያው መዶሻ ኪሴ ውስጥ ነበር። ከዓመት በላይ ቆይተው ሲመለሱ በሁለት ሰው ተደግፈው ነው።

በሽታው ከዕድሜ ጋር ይመጣል። ዲስኩ ይሳሳል፣ አጥንት ይበቅላል፣ ጅማት ይወፍራል፤ መሃል ላይ ያለው ሕብለ ሰረሰር ይጨፈለቃል። በአንገት ውስጥ ቦዩ ከፊት ወደ ኋላ 17 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ከ13 በታች ከሆነ ጠባብ እንለዋለን። ብዙ ጊዜ ጉልህ ሕመም የለውም፤ የሚያታልለንም ይሄው ነው። ሰውየው ቁልፍ መቆለፍ ያቅተዋል፣ የእጅ ጽሑፉ ይበላሻል፣ ሲራመድ ይወላገዳል። ጉልበቱን በመዶሻ ስትነኩት ከልክ በላይ ይዘላል፤ የመሃል ጣቱን ጥፍር ስትነጥሩ አውራ ጣቱ ይታጠፋል። ኤምአርአይ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ጫናው ከፊት በአንድ ወይም በሁለት ዲስክ ላይ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከጉሮሮ ጎን ገብተን ዲስኩን አውጥተን አጥንቶቹን እናያይዛለን። ብዙ ቦታ ከተጨፈለቀ ከኋላ ገብተን የቦዩን ጣሪያ አንስተን በብሎን እናጸናለን፤ ወይም ጃፓኖች እንዳሳዩን ጣሪያውን እንደ በር ከፍተን እናሰፋዋለን። ድምፅ ሊጎረንን፣ መዋጥ ሊያስቸግር፣ ትከሻ ሊደክም ይችላል፤ ታማሚው ቀድሞ ይወቀው። የ2017ቱ ዓለም አቀፍ መመሪያ ለመካከለኛና ለከባድ ደረጃ ቀዶ ሕክምናን ይመክራል፤ ለቀላሉ ቀዶ ሕክምና ወይም ክትትል ያለው ፊዚዮቴራፒ።

ቤተሰብ ሁሌም «እንደ ድሮዋ ትሆናለች ወይ?» ይላል። ቀዶ ሕክምናው ለሕብለ ሰረሰሩ ቦታ ይሰጠዋል፤ የሞተውን አያስነሳም። ዋናው ትርፍ እንዳይብስ ማቆሙ ነው፤ ብዙዎችም ይሻላቸዋል። ስለዚህ የጠፋው ጊዜ አይመለስም።

እኚያን እናት መምህሬ ቀዶ ሕክምና ሲያደርጉላቸው ረዳት ነበርኩ። ከዚያ በኋላ በከዘራ ሄዱ፤ ሲኒውን ግን እስከ መጨረሻው በሁለት እጅ ነው የያዙት።

መምህራኖቻችን፣ ተማሪዎቻችሁን መዶሻውን ከኪስ አስወጡልን። ጓደኞቼ፣ «ሲኒ ወደቀብኝ» የሚል ሰው ሲመጣ አንገቱን አስቡ።